በየገጹ እንስሳ የሚሆን ልጅ፦ ባለ 24 ገጽ የሥዕል መጽሐፍ ከጽሑፉ እስከ ማተሚያው (ጎንደር)

የቀሃ ማዶ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከ4 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች የታሰበ የሥዕል መጽሐፍ አለ። ጽሑፉ አልቋል፣ ሥዕሉ በውሃ ቀለም ሊጀመር ነው። ማሙሽ የሚባል የጎንደር ልጅ ባላሰበው ሰዓት እንስሳ ይሆናል። ቁርስ ላይ ጭላዳ፣ አራዳ ገበያ ሲገባ እስስት፣ ፋሲል መዋኛ ሲደርስ ጉማሬ፣ ፋሲል ግቢ ውስጥ ዋልያ፣ ሲመሽ ጅብ፣ በመጨረሻ አያቱ እቅፍ ውስጥ ተመልሶ ልጅ። 900 ቃል ነው፤ 30 ገጽ፣ ኤ4፣ 1,000 ቅጂ ታስቧል። ሽፋኑ ጠንካራ ካርቶን ቢሆን ይመረጣል፣ ካልተቻለ በሽቦ ይሰፋል።

የመጀመሪያው ለውጥ ጽሑፍ ይኸው፦

«አንድ ቀን ማሙሽ ከእንቅልፉ ነቃ። በመስታወት ራሱን ሲያይ ጭላዳ ሆኖ ነበር። ማሙሽ በጣም ደነገጠ። እናቱም በጣም ደነገጠች። ጭላዳ በሰሜን ተራሮች የሚኖር፣ ሣር የሚበላ እንስሳ ነው።»

ያስቃል ተብሎ የተጻፈው አያስቅም። ጥፋቱ የቱ ጋ ነው? ሥዕሉ ከመጀመሩ በፊት ከማተሚያ ቤት በኩል መታወቅ ያለበትስ ምንድን ነው?

ፊደል ለቃሚ፦
ከወረቀቱ ልጀምር፤ ጽሑፉን የሚያዘው እሱ ነውና። በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ ገጹ ለ4 መካፈል አለበት፣ አንዱ ወረቀት ሲታጠፍ 4 ገጽ ስለሚሆን። 30 ብለው ከሄዱ ወይ 2 ገጽ ባዶ ይታተማል ወይ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ 2 ገጽ ሲቆርጡ ይውላሉ። 32 ገጽ በዓለም የተለመደ ነው። ለዚህ ታሪክ ግን 24 ልክ ይመጣል፤ ቆጥረው ይዩት።

ገጽ 1 ርእስ። ገጽ 2 የመብትና የአሳታሚ መረጃ። ገጽ 3 ብቻውን የቆመ የቀኝ ገጽ ነው፤ እዚያ የጭላዳው ፍንጭ፣ ማለትም ልጁ ምን ሊሆን እንደሆነ የሚጠቁመው፣ ይግባ። 4–5 ጭላዳው ራሱ። 6–7 የእስስት ፍንጭ፣ 8–9 እስስት። 10–11 የጉማሬ ፍንጭ፣ 12–13 ጉማሬ። 14–15 የዋልያ ፍንጭ፣ 16–17 ዋልያ። 18–19 የአምስተኛው ፍንጭ፣ 20–21 አምስተኛው። 22–23 ወደ ቤት መመለስ። ገጽ 24 አንዲት የመጨረሻ ጥቅሻ፣ ከተቻለ ያለ ጽሑፍ።

ጉማሬው 12–13 ላይ መዋሉ በአጋጣሚ ጥሩ ሆኗል። በ24 ገጽ መጽሐፍ ሁለቱ ገጾች በአንድ ወረቀት በአንድ ፊት የሚታተሙት መሃል ላይ ብቻ ነው። በሌሎቹ ጥንድ ገጾች ግራው ከአንድ ወረቀት፣ ቀኙ ከሌላ ወረቀት ይመጣል፤ ስለዚህ በስፌቱ ላይ የሚያልፍ ሥዕል 1 ሚሊሜትር ያህል ሊዛነፍ ይችላል። ትልቁን አፍ መሃል ላይ ይክፈቱት። በሌላው ገጽ ዓይንም ሆነ ፊት ስፌቱ ላይ አይረፍ።

ከዚህ ካርታ ቃሉ ራሱ ይወጣል። ለፍንጭ ከ20 እስከ 30 ቃል፣ ለለውጡ ከ10 ያልበለጠ፣ ለመመለሻው 30 ገደማ። ጠቅላላው ከ250 አይዘልም። 900ው ውስጥ ያለው ትርፍ ሥዕሉ የሚናገረው ነው። «በጣም ደነገጠች» የሚለውን የእናትየው ፊት ይናገረው፤ አብሲቱ ከእጇ ሲወድቅ ይሳል።

እንቆቅልሽ፦
የማያስቀው «ጭላዳ ሆኖ ነበር» ስላለ ነው። «ሆኖ ነበር» ያለቀ ጉዳይ ነው፤ ልጁ ሳያይ ተፈጸመ። ለውጡ አንባቢው ዓይን ሥር ይሁን።

ሁለተኛው ችግር የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ መቀመጡ ነው። «ጭላዳ ሆንኩ» ስንል ምስጢሩ «ጭላዳ» ላይ ወጥቶ ያልቃል፣ «ሆንኩ» ከኋላ እየተጎተተ ይመጣል። ስለዚህ የእንስሳውን ስም ጨርሶ አትጥሩት። ፍንጩ የቀኙ ገጽ ታች ጥግ ላይ በጥያቄ ይቁም፣ መልሱ ገጹ ሲገለጥ ይምጣ፤ ስሙን የሚጮኸው የሚሰማው ልጅ ነው። ለምሳሌ፦

ገጽ 3፦ «ጠዋት ስነቃ ደረቴን በላኝ። ብብቴን በላኝ። ጀርባዬንም በላኝ። አከክሁ፣ አከክሁ፣ አከክሁ… ፀጉር! ብርድ ልብሱ ሥር ደግሞ የሆነ ነገር ውልብ አለ። ጅራት! የማን ጅራት?»

ገጽ 4–5፦ «የእኔ!»

ሌላ ቃል አያስፈልግም። ውልብ፣ ቱር፣ ብድግ፣ ሹልክ፣ ዘጭ፣ ትር፣ እልም፤ እንዲህ ያሉትን ቃላት በቁጠባ አስገቡ፣ በአንድ ጥንድ ገጽ አንድ ብቻ። አራት ከተደረደሩ ጆሮ ይሰለቻል።

አወቃቀሩም አዲስ ነገር አይሻም፤ እንቆቅልሽ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፣ አድማጩ «ምን አውቅልህ» ይላል፣ ያልመለሰ አገር ይሰጣል። ፍንጩ ገጽ ጥያቄው ነው። ልጁ ካልመለሰ «አገር ስጠኝ» ተብሎ ጎንደርን ይሰጣል፣ ከዚያ ገጹ ይገለጣል። ይህን ግን መጽሐፉ ላይ አታትሙት፤ አንባቢው ያውቀዋል።

የማራኪ መምህርት፦
ከእንቆቅልሽ ምሳሌ ውስጥ አንድ ያልተነገረ ትልቅ ነገር አለ፦ ታሪኩ ከ«እሱ» ወደ «እኔ» ተሻግሯል። በአማርኛ «ነቃ፣ ነቃች» ስንል የልጁ ጾታ በየግሱ ይመጣል። «ነቃሁ፣ ዘለልኩ፣ በላሁ» ሲባል ግን ወንዱም ሴቷም የራሷ ታሪክ ታደርገዋለች። ሥዕሉ ላይ ልጁን ወንድ ወይም ሴት ብሎ ያልለየ አለባበስ ከተመረጠ መጽሐፉ የሁሉም ይሆናል።

ወጥመዱ ንግግር ላይ ነው። አያትየው «ና» ወይም «ነይ» ያሉ ለታ ምስጢሩ ተበላ። መውጫው «እንብላ»፣ «እንሂድ»፣ «እንተኛ» ማለት ነው፤ መጥሪያው «ሆዴ» ይሁን። አያት በአክብሮት «ሳቁ» ከተባለች ደግሞ የ4 ዓመት ልጅ ብዙ ሰው የሳቀ ይመስለዋል። «እምዬ ሳቀች» ብሎ መቅረቡ ይሻላል፣ ክብሯ በ«እምዬ» ውስጥ አለ።

በሦስተኛ ሰው እጽፋለሁ ካሉ ግን ይህን ይያዙ፦ አይጥንና ጦጣን በሴት አንቀጽ፣ አንበሳን በወንድ መጥራት ልማዳችን ነው። ሴት ልጅ አንበሳ ስትሆን ግሱ «አገሳ» ካለ ልጆቹ ሌላ አንበሳ የመጣ ይመስላቸዋል። «አገሳች» ይበል። እንስሳው ቢቀየርም ግሱ የልጅቷን ጾታ ከያዘ ያቺው ልጅ መሆኗን ጆሮ ያውቃል።

ጮክ ተብሎ የሚነበብ ጽሑፍ ላይ ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውም ቃል ያደናቅፋል፤ ፊደላችን አያሳየውማ። «ዋና» ላልቶ መዋኘት ነው፣ ጠብቆ ዋነኛው ነው። ጉማሬው ገጽ ላይ «ዋና ነገሬ» የሚል ካለ አንባቢው ይወላገዳል። «መዋኘት» ቢባል ማንም አይስትም። «አለ»ም እንዲሁ፤ «ጅራት አለ» ጅራቱ ተናገረ እንዳይመስል።

ባለ ብሩሽ፦
ሥዕሉ ላይ ልምጣ። ጭላዳን ብዙ ሰው ዝንጀሮ አድርጎ ይስለዋል። መለያው ደረቱ ላይ ያለው ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ ነው፣ እንደ አሸዋ ሰዓት መሃሉ የጠበበ። አቀማመጡ ቀጥ ብሎ በቂጡ ነው፤ ሲግጥ አይነሣም፣ ተቀምጦ እየተንፏቀቀ ሣሩን በጣቶቹ ይነጫል። እንደ ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ የሚበላ እንስሳ ለቁርስ ገጽ ከዚህ የተሻለ የለም፦ ሞሰቡ ላይ እንጀራው አለ፣ እሱ ግን የተጎዘጎዘውን ቄጤማ ነው የሚነጨው። ሲቆጣ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ያሳያል፣ የዓይን ቆቡንም ያነሣል። ልጁ ደስ ብሎት ሳቀ ተብሎ ይህ ፊት ከተሳለ የሚያውቀው ሰው ቁጣ ነው ይላል።

ዕድሜውም ያጣላል። ልጅ እንስሳ ሲሆን ግልገል ነው መሆን ያለበት። ግን የጭላዳ ግልገል ጎፈሬ የለውም፣ የዋልያ ግልገልም ቀንዱ ጉቶ ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ፍየል ይመስላል። በዚህ መጽሐፍ እውነቱን ትንሽ ማጣመም ይሻላል፦ የአዋቂው ጎፈሬና ቀንድ፣ የልጁ ቁመት። ፌዙም እዚያ ላይ ነው፤ ቀንዱ ከልጁ ይከብዳል፣ አንገቱን ያዘነብላል።

እስስትን በርበሬ ላይ ቀይ፣ ጎመን ላይ አረንጓዴ ማድረግ የሁሉም ሠዓሊ ሐሳብ ነው። እስስት ግን የተቀመጠበትን ዕቃ ሁሉ አይመስልም፤ ቀለሙን በይበልጥ የሚቀይረው በንዴት፣ በፍርሃት፣ በሙቀትና በብርድ ነው። ይህ ከተለመደው የበለጠ ያስቃል። ልጁ አራዳ ላይ «አልፈራሁም!» ይላል፣ ቆዳው ግን ያጋልጠዋል። ዓይኖቹ ለየብቻ ይዞራሉ፤ አንዱ ሸንኮራው ላይ፣ አንዱ እናቱ ላይ። እግሩ እንደ መቆንጠጫ ነው፣ ጣቶቹ ሁለትና ሦስት ሆነው ተቃቅፈዋል። አምስት ጣት ዘርግታችሁ እንዳትስሉት።

ግማሽ ሰው ግማሽ እንስሳ የሆነው መሃሉ ነው ትንንሾቹን የሚያስፈራው። ለውጡን ከዳር ጀምሩ፦ ጆሮ፣ ጅራት፣ እግር። ፊቱ መጨረሻ ይለወጥ፣ ሲለወጥም ገጹ ሲገለጥ በአንዴ ይሁን። ግማሽ ፊት አትሳሉ።

የቀሃ ማዶ፦
ባለ ብሩሽ፣ ልጁ በሁሉም እንስሳ ላይ ያው ልጅ መሆኑ በምን ይታወቅ? ቁንጮ ታስቦ ነበር፤ ጭላዳውም ጉማሬውም አናቱ ላይ ቁንጮ ይኑረው።

ባለ ብሩሽ፦
ቁንጮ ያምራል፤ የጉማሬ ቁንጮ ብቻውን ግማሽ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ቁንጮ ወንድ ያደርገዋል፣ መምህርት የደከሙበት «እኔ» ከንቱ ይቀራል። ማተብም አይሆንም፣ የሙስሊሙ ልጅ ከመጽሐፉ ይወጣል። ልብስ ይሁን። ቢጫ ሹራብ ብትሉ የመስከረም አደይ አበባ ውስጥ ይጠፋል፤ ቀይ የጭላዳውን ደረት ይሻማል፤ ሰማያዊ የጉማሬው ውሃ ላይ ይጠፋል። የሚተርፈው ነጭና ጥቁር መስመር ያለው አንድ እግር ካልሲ ነው። ሌላኛው እግር ባዶ። በየገጹ የት እንዳለ ልጁ ይፈልገዋል፦ ጭላዳው ጅራት ላይ፣ እስስቱ ጅራት ጫፍ ተጠቅልሎ፣ ጉማሬው ጆሮ ላይ፣ ዋልያው ቀንድ ላይ። ገጽ 24 ላይ ካልሲው ድመቷ እግር ላይ ይገኝ። ያለ ጽሑፍ ያላችሁት ጥቅሻ ይኸው።

ዘነዘና፦
ሁለት ቦታ ላይ ተቃውሞ አለኝ።

አንዱ የፋሲል መዋኛ ነው። መዋኛው ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሞላበት አይደለም፤ ለጥምቀት ነው ከቀሃ ወንዝ የሚሞላው። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ያለ ጉማሬ ሲሳል ጊዜው ጥር 11 አካባቢ ነው ማለት ነው፣ ያ ደግሞ ታቦት የሚያድርበት፣ ውሃው የሚባረክበት ቦታ ነው። ልጅ ጉማሬ ሆኖ ሲንቦጫረቅበት ብዙ አያት መጽሐፉን ይዘጋል። ጉማሬው ጣና ነው ያለው፤ ጎርጎራ ውሰዱት። መዋኛውን ካልተውኩ ካላችሁ ውሃ በሌለበት ወር፣ ግንቡን ያቀፉትን የዛፍ ሥሮች ለዋልያው መውጫ አድርጉት።

ሁለተኛው ይበልጣል። ጅቡን አውጡት። ሰው ጅብ ይሆናል የሚለው ነገር እኛ ዘንድ ተረት ብቻ ሆኖ አልኖረም። ቡዳ እየተባለ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔው ተገልሏል። በጎንደር ዙሪያ ቤተ እስራኤል በዚሁ ስም ስንት ነገር ቀምሰዋል፤ ሌሊት ጅብ ሆነው ይዞራሉ ተብሎ። «ማታ ላይ ጅብ ሆንኩ» የሚል የልጅ መጽሐፍ ጸሐፊው ምንም ባያስብ አንባቢው ያስባል። መጀመሪያ የሚጎዳው እናቱ ሸክላ የምትሠራው ልጅ ነው፤ ክፍል ውስጥ ጣት የሚቀሰረው በእሱ ላይ ነው።

እንቆቅልሽ፦
ዘነዘና፣ ነጥቡ ትክክል ነው። ነገር ግን አያ ጅቦን ከልጆች ተረት ማውጣት ጨው ከወጥ ማውጣት ነው። የልጆች ሳቅ ግማሹ የሚመጣው ከእሱ ሞኝነት ነው።

ዘነዘና፦
አያ ጅቦ ይኑር፣ ጅብ ሆኖ ተወልዶ ጅብ ሆኖ ይኑር። ልጁ ብቻ አይሁነው። ልጁ ሲመሽ ጃርት ይሁን፣ አያ ጅቦ ሊበላው ይምጣ፣ አፍንጫው ተወግቶ ይሂድ። ፍርሃቱም ይቀራል፣ ሳቁም ይቀራል።

ባለ ብሩሽ፦
ጃርት ለሥዕል ግሩም ነው፤ 18–19 ላይ ፍንጩ ድምፅ ይሁን፣ የጅራቱ እሾህ ሲንቀጫቀጭ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ጃርት እሾኹን እንደ ቀስት አይወረውርም። ያቆመዋል፣ ያንቀጫቅጨዋል፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ኋላ ይሮጣል። የሚወጋው ስለሚነካ ነው፤ እሾኹ ይነቀልና ጠላቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ልጁ የሚያሸንፈው ወደ ኋላ እየሄደ ነው። በመጽሐፋችን ሁሉም ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ንባባችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሆነ። እዚህ ገጽ ላይ ብቻ ጃርቱ ፊቱ ወደ ግራ፣ ጉዞው ወደ ቀኝ ይሆናል። ልጆቹ ለምን እንደሆነ ሳያውቁት ይስቃሉ።

ስለ ጅቡ አቋም፦ ስንስለው የፊት እግሩ ከኋላው ይረዝማል፣ ወገቡ ወደ ኋላ ይዘቀዝቃል። እኩል ከሆነ ውሻ ነው።

ሌላም ነገር። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ዓይነት አሣሣል፣ ጥቁር ዳር፣ ትልልቅ ዓይን፣ ደፋር ቀለም፣ ለዚህ መጽሐፍ መዋስ የሚፈልግ ይኖራል። ያስኬዳል። ነገር ግን በዚያ አሣሣል ደጉ በሙሉ ፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን ነው የሚሳለው። ልጁ በጎን ተስሎ ሲሮጥ በዚያ ዓይን ለሚያይ ሰው ክፉው እሱ ይሆናል። ሰውነቱ በጎን ይሂድ፣ ፊቱ ወደኛ ይዙር።

ወረቀት ቆራጭ፦
አሁን ብር ላይ እንምጣ። ኤ4ን ተዉት፣ 21 በ21 ሴንቲሜትር አራት ማዕዘን አድርጉት። ምክንያቱ ይኸው፦ 50 በ70 ሴንቲሜትር ወረቀት በሚወስድ የኦፍሴት ማሽን ላይ ጥንድ ገጹ ከነመቁረጫ ትርፉ (በየዳሩ 3 ሚሊሜትር) 42.6 በ21.6 ይሆናል። በ50ው በኩል አንድ፣ በ70ው በኩል ሦስት ይገባል። በአንድ ፊት 6 ገጽ፣ በሁለት ፊት 12፤ ሁለት ወረቀት 24 ገጽ ጨረሰ። ኤ4 ሲሆን በአንድ ፊት የሚገባው ሁለት ጥንድ፣ ማለትም 4 ገጽ ነው፤ በሁለት ፊት 8፣ ለ24 ገጽ ሦስት ወረቀት ይበላል። ለ1,000 ቅጂ 1,000 ወረቀት ልዩነት አለው፣ የሚበላሸው ሳይቆጠር። ፕሌቱም፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቀለም የሚሠራው የማተሚያ ሰሌዳ፣ እንዲሁ፦ ለሁለት ወረቀት አራት ፊት በአራት ቀለም 16 ፕሌት፣ ለሦስት ወረቀት 24። ሽፋኑ ለብቻው ነው።

ጠንካራ ካርቶን ሽፋን ለ24 ገጽ አይመከርም። ጀርባው ሊይዝ የሚችል ውፍረት የለውም፣ የካርቶን ልበጣውም የእጅ ሥራ ስለሆነ ዋጋው ከውስጡ ይበልጣል። ውስጡን 150 ግራም ማት (የማያብረቀርቅ) ወረቀት፣ ሽፋኑን 300 ግራም ከማት ላሚኔሽን (ስስ የፕላስቲክ ልባጭ) ጋር፣ ሁለት ሽቦ። የሽቦው ጫፍ ተጣጥፎ መተኛቱን በጣት ዳስሳችሁ ተረከቡ፤ የቆመ ጫፍ የልጅ እጅ ይቧጭራል። ሽፋኑ ከመታጠፉ በፊት የማጠፊያ መስመር ተጭኖ ይውጣለት፣ አለዚያ ላሚኔሽኑ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። ወረቀቱ ሲቆረጥም የወረቀቱ ጭረት (ክሮቹ የተኙበት አቅጣጫ) ከስፌቱ ጋር ትይዩ ይሁን፤ ተሻግሮ ከመጣ መጽሐፉ ሲከፈት አልተኛም ይላል።

ከሁለቱ ትልልቅ ወረቀቶች ተቆርጠው የሚታጠፉት ስድስት ወረቀቶች አንዱ በአንዱ ውስጥ ሲገባ መሃለኞቹ ወደ ውጭ ይገፋሉ። በ150 ግራም 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሲቆረጥ መሃሉ ላይ ያለው ገጽ ከሽፋኑ አጠገብ ካለው ይጠባል። ጽሑፍና የካልሲ ጫፍ ከመቁረጫው 10 ሚሊሜትር ገባ ይበሉ። የሥዕሉ ጀርባ ደግሞ ከመቁረጫው 3 ሚሊሜትር ውጭ ድረስ ይቀባ፤ ከመስመሩ ላይ የቆመ ቀለም ነጭ ክር ያሳያል።

የቀሃ ማዶ፦
ጋሼ ወረቀት ቆራጭ፣ እግዜር ይስጥልን። ቅጂው ወደ 50 ቢወርድስ? ለሙከራ።

ወረቀት ቆራጭ፦
ለ50 ዲጂታል ነው፤ ፕሌት የለም፣ የአንዱ ዋጋ ግን ውድ ነው። ዲጂታሉ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ኤ3 ያህል ወረቀት ስለሆነ 42.6 አይገባበትም፤ ኤ3 ረጅሙ ጎኑ 42 ነው። ለሙከራው 20 በ20 አድርገው ያሳንሱት፣ ከነትርፉ 40.6 ይሆናል፣ ይገባል።

ከዚያም በፊት ግን አንድ ብር የማያስወጣ ነገር አለ። 6 ባዶ ኤ4 እጠፉ፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ ክተቱ፣ መሃሉን በመርፌና ክር ያዙት። 24 ገጽ ነው። ጽሑፉን በእርሳስ ጻፉበት፣ ሥዕሉን በጭረት ብቻ ሞነጫጭሩበት፣ ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ ግለጡት። እጃችሁ ሳይጓጓ የተገለጠው ገጽ ላይ ስህተት አለ።

ፊደል ለቃሚ፦
ስለ ፊደሉ። ጽሑፉ በድሮው የፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) ዓይነት ተጽፎ ከሆነ በቀጥታ ወደ ኢንዲዛይን፣ ወደ ገጽ ማቀናበሪያው ፕሮግራም፣ ሲገለበጥ የላቲን ምልክት ይሆናል፤ በዩኒኮድ፣ ሁሉም ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደል ኮድ፣ እንደገና ይለወጥ፣ ከተለወጠ በኋላም ቃል በቃል ይታይ። ኖቶ፣ አቢሲኒካና ኒያላ የሚባሉት የፊደል ቅርጾች ሁሉም ዩኒኮድ ናቸው። ለዚህ ዕድሜ ወፍራምና እግሩ ግልጽ የሆነ ይመረጥ፤ መጠኑ ከ22 እስከ 24 ፖይንት፣ የመስመር ርቀቱ 34። ሁለቱን ጠርዝ አታስተካክሉ፣ ከግራ ብቻ ይሰለፍ፤ አለዚያ በቃላቱ መሃል ጉድጓድ ይፈጠራል። አንዳንድ ፕሮግራም ቃሉን መሃል ላይ ሰብሮ ያወርዳልና የየመስመሩን ጫፍ እዩ።

ጥቁሩ ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተም። ከአራቱ ቀለም ተቀላቅሎ ከሄደ ፕሌቶቹ ፀጉር ታህል ሲዛነፉ የ«ሕ» እና የ«ጪ» እግሮች ይደበዝዛሉ፤ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ የሚለዩት በአናታቸው ባለች ጭረት ነው፣ እሷ ከጠፋች ልጁ ሌላ ፊደል ያነባል። በጨለማው የጃርት ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ ከተፈለገ መጠኑ ወደ 28 ይደግ፣ ይወፍር፤ ቀለም ሲሞላ የ«ፀ» እና የ«ዐ» ቀዳዳ ይደፈናል።

«ፀጉር» ወይስ «ጸጉር»፣ «ዓይን» ወይስ «አይን»፤ አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻ አንድ አድርጉ። ለመማር ለሚሞክር ልጅ በገጽ 3 አንድ፣ በገጽ 9 ሌላ መሆን ግራ ያጋባል።

ውሃ ቀለሙን በተመለከተ ባለ ብሩሽ ቢያክልበት።

ባለ ብሩሽ፦
ባለ 300 ግራም የውሃ ቀለም ወረቀት፣ በዚያው መጠን ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ። ተራ የኤ4 ስካነር 42.6 ሴንቲሜትር ስለማይወስድ ለሁለት ይነሣና ይጋጠማል፤ ሁለቱ ቢያንስ 4 ሴንቲሜትር ይደራረቡ። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ጥንድ ገጹ 5,031 በ2,551 ፒክስል መውጣት አለበት፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ የሆነ ቦታ ላይ አንሷል። በስልክ ካሜራ የተነሣ አይጠቅምም፣ ዳሩ ይጎብጣል፣ ነጩ ወረቀት ይቢጫል። ወደ ሲኤምዋይኬ፣ ወደ አራቱ የማተሚያ ቀለሞች፣ ሲለወጥ ደማቁ አረንጓዴና ብርቱካን ይሞታል፤ ስክሪን ላይ ያለው ሣር ወረቀት ላይ አይገኝም። ጭላዳው ደረት ላይ ያለው ቀይ ግን በደንብ ይወጣል።

ሦስት ቁራጭ፦
ጥያቄ ልጨምር። ገጾቹ በአግድም ለሦስት ተቆርጠው ልጁ የጭላዳ ራስ፣ የጉማሬ ሆድ፣ የዋልያ እግር እያደረገ የሚያቀላቅለው ዓይነትስ? ጎንደር ላይ በስፓይራል ይሠራል?

ወረቀት ቆራጭ፦
ይሠራል። ስፓይራል የሚያስር ፎቶ ኮፒ ቤት ሁሉ ይበቃል። ወረቀቱ 250 ግራም ይሁን፣ ቀጭን ከሆነ ቁራጩ ይጠቀለላል። ኤ4ን ቁመቱን ለሦስት ከፍላችሁ በየ9.9 ሴንቲሜትር ቁረጡ፣ ከስፓይራሉ በኩል 2 ሴንቲሜትር ሳይቆረጥ ይቅር። 8 እንስሳ ካለ 8 ሲባዛ በ8 ሲባዛ በ8፣ 512 ፍጥረት ይወጣል። የሚበላሸው አንገትና ወገብ ላይ ነው፦ በሁሉም እንስሳ የአንገቱ ስፋት የመቁረጫው መስመር ላይ እኩል፣ ለምሳሌ 6 ሴንቲሜትር፣ ከግራ ጠርዝም በእኩል ርቀት መሆን አለበት። የጉማሬ አንገት 6 ሴንቲሜትር አይደለም ብሎ የሚከራከር ሠዓሊ ካለ መጽሐፉ አይገጥምም።

እንቆቅልሽ፦
ለዚህ ዓይነቱ አማርኛ የተፈጠረ ቋንቋ ነው። ራስና ሆድ ላይ ያሉት ግሶች ሳይዘጉ ይንጠልጠሉ፣ እግሩ ላይ ያለው ይዝጋ። ሁሉም በ«እኔ» ከሆነ የትኛውም ከየትኛውም ይገጥማል።

ጭላዳ፦ «ከንፈሬን ገልብጬ፣ / ሣር በጣቴ ነጭቼ፣ / ገደል አፋፍ ላይ ተኛሁ።»
ጉማሬ፦ «አፌን እንደ በር ከፍቼ፣ / ውሃ ውስጥ ተዘፍቄ፣ / ማታ ለግጦሽ ወጣሁ።»
እስስት፦ «ዓይኔን ወዲያና ወዲህ አዙሬ፣ / ተናድጄ ጠቁሬ፣ / ቅርንጫፍ ጨብጬ ቀረሁ።»
ጃርት፦ «አፍንጫዬን አፈር ውስጥ ቀብሬ፣ / እሾኼን አንቀጫቅጬ፣ / ወደ ኋላዬ ሮጥኩ።»

አቀላቅሉና አንብቡት። «አፌን እንደ በር ከፍቼ፣ ተናድጄ ጠቁሬ፣ ወደ ኋላዬ ሮጥኩ።»

የማራኪ መምህርት፦
ይህ ለክፍል ከዋናው መጽሐፍ ይበልጣል ብል ጠያቂያችን አይቀየሙኝ። ለንባብ ሰዓት ግን ያው ባለ 24 ገጹ ነው። 250 ቃል ከነጥያቄውና ከነሳቁ በ6 እና በ7 ደቂቃ ያልቃል፣ የትንንሾቹ ትዕግሥት የሚችለው እሱን ነው። ሥዕሉ 3 ሜትር ላይ ከተቀመጠ ልጅ መታየት ስላለበት በአንድ ጥንድ ገጽ አንድ ትልቅ ነገር ብቻ ይኑር፤ አራዳን ከነሰዉ ሁሉ ከሳላችሁት እስስቱ ይጠፋል።

ፊደል ለቃሚ፦
ከመረሳቱ በፊት፦ ጸሐፊና ሠዓሊ ሁለት ሰው ከሆናችሁ ውሉን ሥዕሉ ከመጀመሩ በፊት ጻፉት፦ ዳግም ሲታተም ለሠዓሊው ምን ይከፈላል፣ ካልሲው በቦርሳ ላይ ቢታተም የማን ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሁለቱም ሥራ ጥበቃ ይሰጣል፣ ክፍፍሉን ግን እናንተ ካልጻፋችሁት አይጽፍላችሁም።

የቀሃ ማዶ፦
እሺ። ጅቡ ወጥቶ ጃርት ገብቷል፣ ጉማሬው ጎርጎራ ሄዷል፣ መጠኑ 21 በ21። የጉማሬው ፍንጭ ተስተካክሎ ይኸው፦

ገጽ 10–11፦ «ጎርጎራ ደረስን። ጣና ፀጥ ብሏል። ከውሃው ላይ ሁለት ነገር ብቅ አለ። ከፊቱ ሌላ ሁለት። ከፊቱ ደግሞ ሌላ ሁለት። ስድስት ጉብታ! እምዬ ቆጠረች፣ እኔ ግን የለሁም። የት ገባሁ?»

ገጽ 12–13፦ «እዚህ!»

ባለ ብሩሽ፦
ጆሮ፣ ዓይን፣ አፍንጫ በተርታ፤ ልክ ነው፣ የጉማሬ ሦስቱም ከራሱ አናት ላይ ናቸው። ካልሲው አንደኛው ጆሮ ላይ መሆኑን ግን ፍንጩ ገጽ ላይ ጫፉን ብቻ አሳዩ። የአፉንም ልክ ተጠንቀቁ፦ «እዚህ!» የሚለው ጽሑፍ አፉ ውስጥ ይግባ፣ ከስፌቱ ግን ወደ ቀኝ 2 ሴንቲሜትር ይራቅ።

ወረቀት ቆራጭ፦
12–13 ላይ ሽቦውም አለ። አንደኛው ሽቦ ጥርሱ ላይ እንዳይወጣ፣ የሽቦዎቹን ቦታ ከማተሚያ ቤቱ ጠይቃችሁ እርሳስ ሥዕሉ ላይ ምልክት አድርጉ።